ጳጉሜን የማያውቀው የወርቅ ሰዓት

በ2017 ኖቬምበር ወር ክሪስቲስ የተባለው የጨረታ ድርጅት ጄኔቫ ከተማ ላይ አንድ የወርቅ የእጅ ሰዓት ለሽያጭ አቅርቦ ነበር። ሰዓቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነው የተባለ ሲሆን፣ የሠራውም ፓቴክ ፊሊፕ የተሰኘው የዚያው ከተማ ኩባንያ ነው። የተሠራበት ዘመን 1954፣ ማለትም ንጉሠ ነገሥቱ ስዊዘርላንድን የጎበኙበት ዓመት ነው። እስከ 1 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ሊያወጣ ይችላል ተብሎ ሲጠበቅ፣ የባለቤትነት ጥያቄ ተነሣበትና ሳይሸጥ ከጨረታው ወጣ። (አንባቢ ልብ እንዲልልኝ፦ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር የፈረንጆቹ ናቸው። ይህን አስቀድሜ ለመናገር የተገደድኩበት ምክንያት ራሱ የጽሑፉ ጉዳይ ነው።)

ያን ሰሞን እኛ የሲያትል ታክሲ ነጂዎች ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበረንም። አንዱ «ቅርስ ነው፣ ወደ አገሩ ይመለስ» ይላል። ሌላው «የግል ንብረታቸው ነው፣ ለልጅ ልጆቻቸው ይገባል» ይላል። ሦስተኛው የወሎን ረኃብ ያነሣና ነገሩ ወደ አብዮቱ ይዞራል፤ ከዚያ ወዲያ ሰዓቱ ይረሳና ስለ ሰውየው ብቻ እንጨቃጨቃለን። ሦስቱም ወገኖች የሚሉት ነገር ነበራቸው። ሰዓቱን ያየው ግን አልነበረም። ስለ ልብ ወለድ፣ ስለ ቲያትር፣ ስለ ዘፈን ሒስ ይጻፋል፤ ስለ ሰዓት ለምን አይጻፍም? ሰዓትም ሰው አስቦ የደረሰው፣ ደርሶም ስሙን የፈረመበት ሥራ ነው። አገር ቤት ሳለሁ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነበርኩ፤ ዛሬ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከሰዓት ጋር የምሟገት ሹፌር ነኝ። ስለዚህ ብሞክረው ድፍረት አይሆንብኝም።

ከጥሩው ልጀምር። በሰብሳቢዎች ዘንድ የዚህ ዓይነቱ ሰዓት «2497» በሚለው ቁጥሩ ይታወቃል። ኩባንያው ከ1951 እስከ 1963 ድረስ ይህንንና 2438/1 የተባለውን ወንድሙን ደምሮ የሠራው 179 ያህል ብቻ ነው። የክት ሰዓት ነው፤ እንደ ክት ልብስ ለታላቅ ቀን የሚወጣ፣ ነገር ግን «እዩኝ፣ እዩኝ» የማይል። ስፋቱ 37 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ዛሬ ወጣቶቻችን ከሚያስሩት የስኒ ማስቀመጫ ከሚያክል ሰዓት አጠገብ ቢያኖሩት የልጅ ይመስላል። ከ12 ቁጥር ሥር ሁለት ትንንሽ መስኮቶች አሉት፤ በአንደኛው ዕለቱ፣ በሁለተኛው ወሩ ይታያል። ከታች፣ 6 ቁጥር ላይ፣ የወሩ ቀናት ክብ ሠርተው ተደርድረዋል፤ በመካከላቸው ጨረቃ ትሞላለች፣ ትጎድላለች። ይህ ሁሉ በዚያች ጠባብ ፊት ላይ ተሰድሮ አንዱ ሌላውን አይጋፋም። ብዙ ነገር የያዘ፣ ነገር ግን የማይለፈልፍ ሥራ ነው፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ቢኖረን ምን ነበረበት?

የሠሪው ስም ላይም ትንሽ ልቁም። ፓቴክ የስዊስ ሰው አይደለም። አንቶኒ ፓቴክ ፖላንዳዊ ወታደር ነበር፤ አገሩ በ1830 በሩሲያ ላይ ያነሣችው ዐመፅ ሲከሽፍ ተሰድዶ በመጨረሻ ጄኔቫ የገባ። በ1839 ከሌላ ሰው ጋር ሆኖ የሰዓት ሥራ ጀመረ፤ ፊሊፕ የሚባለው ፈረንሳዊ ባለሙያ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ዛሬ ባለጸጋ ሁሉ የሚሻማበት ስም የአንድ ስደተኛ ስም ነው። ይህን ለአንድ ባልደረባዬ ብነግረው «ታዲያ እኛስ መቼ ነው የምንጀምረው?» ብሎ ሳቀብኝ።

አሁን ወደ ጀርባው እንዙር። በዚያ ዘመን የተሠራ የስዊስ የወርቅ ሰዓት የጀርባ ክዳኑ ሲከፈት ከውስጥ በኩል በጣም ትንንሽ ምልክቶች ተመትተውበት ይገኛል። አንደኛዋ የሴት ራስ ናት፤ ሄልቬሺያ ይሏታል፣ ስዊዘርላንድ በሴት አምሳል ተሥላ ማለት ነው። እሷን የሚያስመታው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ትርጉሟ «ይህ ወርቅ 18 ካራት ነው፤ ከ1,000 እጅ 750ው ንጹሕ ነው» ነው። 14 ካራት ቢሆን ኖሮ በእሷ ፈንታ ሽኮኮ የመሰለች የዛፍ አይጥ ትመታ ነበር። (ከ1995 ወዲህ ሁለቱም ቀርተው የውሻ ራስ ተተክቷል፤ ስለዚህ የውሻ ራስ ያለበትን ሰዓት «የአያቴ ነው» የሚል ሰው ከመጣ አያቱ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ መጠየቅ ነው።) ሁለተኛው ምልክት የቤቱ ሠሪ ነው። ቤቱ ስል ማሽኑ የሚቀመጥበትን የወርቅ ቅርፊት ነው። ከ1920ዎቹ ጀምሮ እያንዳንዱ የቤት ሠሪ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ የጄኔቫ ከሆነ ቁጥሩ በቁልፍ ሥዕል ውስጥ፣ ከሌላ አካባቢ ከሆነ ደግሞ ለምሳሌ በመዶሻ ሥዕል ውስጥ ይመታል። ቁልፉ ከጄኔቫ ከተማ ዐርማ የተወሰደ ነው። ከዚያም የኩባንያው ስም፣ የቤቱ ተራ ቁጥርና የማሽኑ ቁጥር ይከተላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይገርመኛል። ወርቁን ቀጥቅጦ፣ አክብቦ፣ አስተካክሎ የሠራው ሰው ስም የለውም፤ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚያውቀው መዝገቡን የያዘው ጽሕፈት ቤት ነው። ወርቁ ከተባለው ካራት ቢያንስ ተጠያቂው ይገኛል፤ ሥራው ቢመሰገን ግን ምስጋናው ፊት ላይ ስሙ ለተጻፈው ኩባንያ ነው። የእኔም ታክሲ በሩ ላይ ቁጥር አለ። ተሳፋሪ ሲከስ ቁጥሩን ይጽፋል፤ ሲያመሰግን ግን ድርጅቱን ነው።

ምልክት ማንበብ ለእኛ እንግዳ ትምህርት እንዳይመስላችሁ። አያቶቻችን የማርያ ትሬዛን ጠገራ ብር ሲቀበሉ ዝም ብለው ወደ ከረጢት አይከቱም ነበር። በራስጌዋ ላይ ያሉትን የዕንቁ ነጠብጣቦች ይቆጥራሉ፤ የትከሻዋን ጌጥ ያያሉ፤ ከደረቷ በታች ያሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት፣ «ኤስ» እና «ኤፍ»ን፣ በጣታቸው ይዳስሳሉ። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ጭምር እነዚያን ሁለት ፊደላት ያውቃቸዋል። ፊደላቱ የሁለት የብር ማተሚያ ሹማምንት ስም መነሻ ናቸው፤ አንዱ ሾብል፣ ሌላው ፋቢ ይባሉ ነበር። ምኒልክ በ1894 የራሳቸውን መልክ ያለበት ብር ፓሪስ ላይ አስመትተው ቢያመጡም ገበያው የለመዳትን ሴት ቶሎ አልለቀቀም። እንዲህ ያለ ሕዝብ «የሠሪ ምልክት ምንድን ነው?» ተብሎ አይጠየቅም።

የምንኖርባት ሲያትልም ብትሆን ያደገችው በዚሁ ሥራ ነው። በ1897 የክሎንዳይክ ወርቅ በመርከብ ሲገባ ከተማው አበደ። በማግስቱ ዓመት የፌዴራሉ መንግሥት የወርቅ መመርመሪያ ጽሕፈት ቤት እዚህ ከፈተ፤ እስከ 1955 ድረስ ሠርቷል። ሕንፃው 9ኛው ጎዳና ላይ፣ ሆስፒታሎቹ ካሉበት ኮረብታ ዛሬም አለ፤ በሽተኛ ባደረስኩ ቁጥር አልፈዋለሁ። ወርቅ ቆፋሪው ከአላስካ ይዞት የመጣው ትቢያ እዚያ ይቀልጣል፣ ይመዘናል፣ ንጽሕናው ይለካል፤ ከዚያ በኋላ ዋጋ አለው። ጽሕፈት ቤቱ ግን አንድ ነገር አይጠይቅም ነበር፤ «ይህን ወርቅ ከየት አመጣኸው? ከማን እጅ ወሰድከው?» አይልም። ሥራው አይደለማ።

የጄኔቫው ሰዓት ክርክር ሥሩ እዚህ ነው ባይ ነኝ። እያንዳንዱ ምልክት የሚመልሰው የመቺውን ጥያቄ ብቻ ነው። ሄልቬሺያ ስለ ወርቁ ትመልሳለች፤ ቁልፉ ስለ ቤቱ፤ የማሽኑ ቁጥር ስለ ኩባንያው መዝገብ። «የማን ነው?» ለሚለው የሚመታ ብረት የለም። በ1974 ሴፕቴምበር ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ሲወጡ በዚያ ግቢ ውስጥ የነበረው ዕቃ ሁሉ በማን እጅ አልፎ የት ደረሰ? ይህ የሚጻፈው በወርቅ ላይ ሳይሆን በወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ ወይ አልተጻፈም፣ ወይ ተቃጥሏል፣ ወይ የተደበቀበት አይታወቅም።

የጨረታ ካታሎጎች ይህን ክፍተት የሚሞሉበት መንገድ አይጥመኝም። የምልክቶቹን ዝርዝር በአጉሊ መነጽር ይጽፋሉ፤ የዘንጉን ቅርጽ፣ የቀለሙን ጤንነት አንድ በአንድ ይነግሩናል። ወደ ባለቤቱ ሲመጡ ግን አጉሊ መነጽሩ ይቀመጥና ተረት ይጀመራል፤ ንጉሥ፣ ዘውድ፣ የሰሎሞን ዘር። የባለቤቱ ታሪክ ዋጋ መጨመሪያ ቅመም ይሆናል እንጂ እንደ ወርቁ አይፈተንም። ፓቴክ ፊሊፕ ራሱ ከ1996 ጀምሮ የታወቀበት አንድ ማስታወቂያ አለ፤ ነገሩ በአጭሩ «ሰዓቱን ለሚቀጥለው ትውልድ ትጠብቀዋለህ እንጂ የአንተ አይደለም» ነው። አባትና ልጅ በጀልባ ላይ ሆነው ፈገግ ሲሉ ሲታዩ ያምራል። ጠባቂው ከሥልጣን ወርዶ፣ ልጆቹ ታስረው፣ ቤቱ ተወርሶ ሳለ «የሚቀጥለው ትውልድ» ማን ነው ብሎ ለሚጠይቅ ግን ማስታወቂያው መልስ የለውም። እንዲያው የጀልባ ነገር ሆኖ ይቀራል።

የእኛም ወገን አንባቢ አልነበረም። ሰዓቱን እንደ ታቦት ያየውም፣ እንደ ወንጀል ማስረጃ ያየውም፣ ክዳኑን አልከፈተም፤ ፊቱንም ቢሆን አላነበበውም። ቢያነብ ኖሮ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ባስደነቀው ነበር፤ ይህ ሰዓት ጳጉሜን አያውቅም።

ነገሩን እንደ መምህር ላስረዳ። ተራ ሰዓት ወሩ 30 ይሁን 31 አያውቅም፤ በየሁለት ወሩ ገደማ ባለቤቱ በእጁ ያስተካክለዋል። 2497 ግን «ዘለዓለማዊ» የሚባለው ዓይነት ነው። በእንዲህ ያለ ሰዓት ውስጥ በተለመደው አሠራር በ4 ዓመት አንድ ጊዜ የምትዞር ክብ ብረት አለች፤ ጠርዟ ላይ ለ48 ወራት 48 እርከኖች ተቆርጠውባታል። 28ቱ ባለ 31 ቀን፣ 16ቱ ባለ 30፣ 3ቱ ባለ 28፣ አንዷ ደግሞ ባለ 29 ናት። አንዲት ጣት መሳይ ብረት እርከኑን እየዳሰሰች «ይህ ወር ስንት ቀን አለው?» ትላለች። የፌብሩዋሪን ነገር ማንም ሳይነግራት ታውቃለች። ይህ የእጅ ሥራ መሆኑን ሳስብ ባርኔጣዬን አነሣለሁ።

ግን አስቡት፤ ይህ ሁሉ ድካም የመጣው የፈረንጅ ወራት ርዝመት ዝንጉርጉር ስለሆነ ነው። በእኛ አቆጣጠር 12ቱ ወራት እኩል 30 ቀን ናቸው፤ ከዚያ ጳጉሜን ትመጣለች፤ 5 ቀን፣ በ4 ዓመት አንዴ በሉቃስ ዘመን 6 ቀን። ለእኛ የሚሠራ ሰዓት 52 እርከን ቢኖረው 48ቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚለዩት አራቱ ጳጉሜዎች ብቻ ናቸው። አራቱን ዓመታት ለመለየት «ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ» ተብሎ በአንዲት ትንሽ መስኮት ቢታይ ምን ያህል ባማረ! ደግሞ ሌላ አለ። የፈረንጁ «ዘለዓለማዊ» ሰዓት በ2100 ይሳሳታል፤ በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ ሲሆን ሰዓቱ 29 ይላል። የእኛ አራት ዓመት ግን መቶው ሲሞላ አይዛነፍም፤ ሰዓቱ ከተሞላ ሳይታረም ይኖራል። እንግዲህ ዘለዓለም የሚለው ስም ለየትኛው እንደሚገባ ፍረዱ።

ስለ ሰዓቱ ቁጥርማ ምኑ ይወራል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ የእኛ ቀን ይጀምራል፤ የፈረንጁ ሰዓት 7 ላይ ሲቆም እኛ 1 ሰዓት እንላለን። አገር ቤት አንዳንዱ ሰው ዘንጉን ራሱን ስድስት ሰዓት አዙሮ በአገሩ ያሠራዋል፤ አብዛኛው ግን ፊቱን ሳይነካ በልቡ ይገለብጠዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ያን ሰዓት በየትኛው መንገድ ያነብቡት እንደነበር ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ይህን ስል ጄኔቫዎችን ለመክሰስ አይደለም፤ ሰዓቱን የሠሩት ለዓለም ገበያ ነው። ሒሴ ሌላ ነው። በ1936 ጁን 30 ቀን በዚያችው ጄኔቫ፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት፣ እኒሁ ንጉሥ አገራቸው በመርዝ ጋዝ መደብደቧን ተናግረው ሰሚ አላገኙም። በ18 ዓመታቸው ተመልሰው ሲመጡ በክብር ተቀበሏቸው። በዚያ ዓመት የተሠራው የወርቅ ሰዓት ምርጥ ነው፣ የከተማይቱ ቁልፍም አለበት፤ ነገር ግን ለባለቤቱ በራሱ ቀን አይናገርም። በጣም የሚያምር፣ ከአንድ ቃል በቀር ሁሉን የያዘ ንግግር ይመስለኛል። ደግሞም ስዊሶችና እኛ እንግዶች አልነበርንም፤ አልፍሬድ ኢልግ የተባለው ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ከ1879 ጀምሮ በምኒልክ ቤት ሠርቷል። ባለ 13 ወር ሰዓት እንዲሠራልን የጠየቀ ሰው ቢኖር ችሎታው አይጠፋም ነበር።

ስለ ንጉሡ ሰዓት ይህን ያህል ካልኩ፣ በጃችን ስላለው ደግሞ ልናገር። ጃንሆይ የወርቅ ሰዓት መሸለም ይወዱ እንደነበር የታወቀ ነው፤ ዘውድና የስማቸው ፊደላት የተቀረጹባቸው ሰዓቶች ዛሬም በየጨረታው ብቅ ይላሉ። አንዳንዶቹ ግን የትም አልወጡም፤ እዚሁ ሲያትል ውስጥ፣ መሳቢያ ውስጥ፣ በካልሲ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ከእነዚህ አንዱን አይቻለሁ። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው፤ ሰዓቱ ለአባታቸው የተሸለመ ነው። የኩባንያውን ስም አልጽፍም፤ መጽሔት የሚያነበው ደግ ሰው ብቻ አይደለምና።

እኚህ አባት ቤታቸው ሴንትራል ዲስትሪክት ነው፤ በርካሹ ዘመን የገዙት። አሁን የሰፈሩ ዋጋ ሰማይ ወጥቶ የቤት ግብሩም አብሮ ወጣ። የኤፕሪሉ ክፍያ ሲደርስ ሰዓቱን ይዘው ወርቅ ወደሚገዛ አንድ ሱቅ ሄዱ፤ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ሰውየው ክዳኑን ከፈተ፣ የሴቲቱን ራስ አየ፣ ማሽኑን አውጥቶ ቤቱን ብቻ ሚዛን ላይ አኖረና በግራም አስቦ ዋጋ ተናገረ። በጀርባው ላይ ስለተቀረጸው ዘውድ ስጠይቀው «ጭረት ነው፣ ዋጋ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም» አለ። ክዳኑ ውስጥ በመርፌ የተጫረ ነገርም አሳየንና «ደግሞ ሰዓቱ በ1961 አሜሪካ ውስጥ ተጠግኗል፤ ከንጉሥ ነው የምትሉት እንጃ» ሲል ጨመረበት። አባታችን ሰዓቱን መልሰው በካልሲው ጠቀለሉና «መምህር፣ እንሂድ» አሉኝ።

መኪና ውስጥ አጉሊ መነጽር አውጥቼ አየሁት። ሰዓት ሠሪዎች ሰዓት ባደሱ ቁጥር ክዳኑ ውስጥ ቀኑንና የራሳቸውን ምልክት በመርፌ የመጫር ልማድ አላቸው፤ ዳግመኛ ቢመጣ ያወቁት ዘንድ ነው። ይህኛው «4/13/61» ይላል። አሜሪካዊ ያነበበው እንደሆነ በእርግጥም ኤፕሪል 13 ቀን 1961 ነው። ግን ከቁጥሩ ጎን አንዲት ፊደል አለች፤ «ገ»። ገ ብሎ የሚፈርም አሜሪካዊ ሰዓት ሠሪ አላውቅም። 4/13/61 ማለት ጳጉሜን 4 ቀን 1961 ዓመተ ምሕረት ነው፤ በፈረንጁ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1969። ለአባታችን ሳነብላቸው ትንሽ ዝም አሉና «ለዘመን መለወጫ እንዲደርስ ብሎ አባቴ ፒያሳ ወስዶት ነበር፤ በረንዳ ላይ የመስታወት ሣጥን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ ነበር» አሉኝ። ስሙን አላስታወሱም።

በኋላ ሌላ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ወስደን ማሽኑን አስመረመርነው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ወደ አሜሪካ በወግ የገባ የስዊስ ማሽን ሚዛኑ አጠገብ ሦስት የላቲን ፊደላት ይመቱበት ነበር፤ የአስመጪው መለያ ናቸው፣ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱ አለው። በዚህኛው ላይ የሉም። በሱቅ በኩል ለአሜሪካ ገበያ የመጣ አይደለም ማለት ነው። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከተቀረጸው ዘውድ፣ ከፒያሳው ጭረትና ከአባታችን ቃል ጋር ሲደመር ግን ይናገራል። በመዶሻ ውስጥ ያለው የቤት ሠሪ ቁጥርም፣ ሄልቬሺያም በየቦታቸው ናቸው።

ከሁሉም ምልክት የምታስደስተኝ ያቺ ጭረት ናት። ማንም ሕግ አላዘዛትም፤ ማንም መዝገብ አልያዛትም፤ በካታሎግ ውስጥ ብትገባ «የቆየ የጥገና ምልክት» ተብላ በአንድ መስመር ታልፋለች። ነገር ግን በዚያ ሰዓት ላይ 13ኛውን ወር የጻፈ እሱ ብቻ ነው። የጄኔቫ ባለሙያዎች 48 እርከን ሲቆርጡ ያላሰቡትን፣ የፒያሳው ልጅ በመርፌ ጫረው።

ተመሳሳይ ሰዓት በመሳቢያቸው ያለ አንባብያን ቢኖሩ የምለምነው ጥቂት ነው። አታስወልውሉት፤ ማሽን ያለው ወልዋይ ምልክቶቹን በአንድ ደቂቃ ያሟሟቸዋል፣ የተሟሟ ሄልቬሺያ ደግሞ ፊት የሌላት ሴት ናት። ክዳኑን በቢላ አትክፈቱ። የሚያውቅ ሰው ሲከፍተው ውስጡን ፎቶግራፍ አንሡ፣ ጭረቱን ጭምር። «የወርቅ» ከተባለ ሁሉ ወርቅ እንዳይመስላችሁም፤ በዚህ አገር ብዙ አሮጌ ሰዓት ወርቅ ለበስ ነው፣ «ለ20 ዓመት የተረጋገጠ» የሚል ጽሑፍ ካለበት እውነተኛ ወርቅ አይደለም። እውነተኛ ወርቅ የዓመት ዋስትና አያስፈልገውም። ከዚያ ደግሞ ወረቀት፦ ማን ለማን ሰጠው፣ መቼ፣ ስለ ምን፣ በማን እጅ አልፎ ወደዚህ መጣ። ሽማግሌው በሚናገርበት ቋንቋና በሚቆጥርበት ቀን ይጻፍ።

የአባታችን የኤፕሪል ግብር ከሹፌሮች ዕቁብ ተከፈለ፤ የእኔን ተራ አስቀደምኩላቸው፣ ሌሎቹም አልተቃወሙም። የኦክቶበሩ ይቀራል። ሰዓቱን ሊሸጡት ቢወስኑ መብታቸው ነው፤ በግራም እንዳይሆን ብቻ ነው የምመኘው። የሰዓቱን ታሪክ ለልጃቸው እያጻፉ ነው። ባለፈው ሳምንት ልጁ ደውሎ «መምህር፣ ቀኑን ሳስገባ ኮምፒዩተሩ 13ኛ ወር የለም እያለ ይመልስብኛል፤ ሴፕቴምበር ብዬ ልጻፈው?» አለኝ። በእጅህ ጻፈው አልኩት።